የአንድ ሽልንግ ምሽቶች፦ ማይክል ፋራዴይና የለንደን የሳይንስ መድረኮች

ለሕዝብ ስለሚቀርቡ የሳይንስ ገለጻዎች ወሬ ከተነሳ የለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን መጠቀሱ አይቀርም። አልበማርል በሚባል ጎዳና፣ ቁጥር 21 ላይ ያለ ትልቅ ቤት ነው። ከ200 ዓመት በላይ ሰው እየሰበሰበ ሳይንስ ሲያስረዳ ኖሯል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንዲህ ነው። ትልቅ አዳራሽ ነበረ፤ ጎበዝ ተናጋሪ ነበረ፤ አንድ ድሃ ወጣት ቲኬት አግኝቶ ገባ፤ ሰማ፤ ታላቅ ሳይንቲስት ሆነ። ወጣቱ ማይክል ፋራዴይ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን መሃሉ ተዘሎ ነው የሚነገረው። ፋራዴይ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከመቀመጡ በፊት በአንድ መምህር ቤት፣ በአንድ ሽልንግ መግቢያ፣ ማታ ማታ ሲማር ቆይቷል። ይህን ጉዳይ የማነሳው ለተዘለለው ክፍል ስል ነው። የሳይንስ መድረክ ለማዘጋጀት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ አዳራሽና ስለ ታዋቂ ተናጋሪ ነው። የለንደኑ ጉዳይ ቀረብ ተብሎ ሲታይ ግን ትልቁን መድረክ ያቆመው በከተማው ውስጥ የነበረው ትንሹና ርካሹ መድረክ ነው። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈረሰው ደረጃ

ሮያል ኢንስቲትዩሽን የተመሠረተው ማርች 7 ቀን 1799 ነው። ባለጠጎችና የሳይንስ ሰዎች በሶሆ አደባባይ፣ ጆሴፍ ባንክስ ቤት ተሰበሰቡ። ባንክስ ያኔ ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የእንግሊዝ ታላቅ የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ሐሳቡን ያመጣው ግን ካውንት ራምፈርድ ነው። ራምፈርድ አሜሪካ ተወልዶ ባቫሪያ ውስጥ በመንግሥት ሥራ ትልቅ ደረጃ የደረሰ ሰው ነው። ስለ ሙቀት ይመራመራል። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ይሠራል። ለድሆች ስለሚቀርብ ሾርባ ሳይቀር ይጨነቃል። የሚቋቋመው ቤት ጠቃሚ ፈጠራዎችን ለሕዝብ እንዲያሳይ ፈለገ። ሳይንስ ለዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚውል በገለጻና በሙከራ እንዲያስተምርም አሰበ። ገንዘቡ ከባለጠጎች መጣ። ባለድርሻ ለመሆን አንድ ሰው 50 ጊኒ ይከፍል ነበር። አንድ ጊኒ 21 ሽልንግ ነው።

የገለጻ አዳራሹን የነደፈው ቶማስ ዌብስተር ይባላል። አዳራሹ ግማሽ ክብ ነው። መቀመጫው ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ከፍ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ ጠረጴዛው ላይ የሚሠራውን ሙከራ ቁልቁል ያያል። ዌብስተር የእጅ ባለሙያዎችን አልረሳም። አናጢውና ብረት ሠራተኛው ላይኛው ሰገነት ላይ ተቀምጠው እንዲሰሙ ፈለገ። ለእነሱም ከመንገድ በቀጥታ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ አሠራ።

ደረጃው ዕድሜ አላገኘም። የፈረንሳይ አብዮት ገና ከሰው አእምሮ አልጠፋም። የእንግሊዝ ባለጠጎች ሠራተኛው ሕዝብ ይነሳብናል ብለው ይሰጉ ነበር። ዌብስተር በኋላ እንደጻፈው፣ ዝቅተኛውን መደብ ሳይንስ አስተምራለሁ ስትል ምን ማለትህ ነው ተብሎ በቁጣ ተጠየቀ። ዕቅዱን ድምፅ ሳያሰማ እንዲተወውም ተነገረው። ደረጃው ፈረሰ።

ይህ ነገር በጣም ይከነክነኛል። በር ላይ ቆሞ "አትግባ" ያለ ዘበኛ የለም። የተጻፈ ክልከላም አያስፈልግም። ደረጃውን ማንሳትና መግቢያውን በአባልነት መዋጮ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በኋላ አናጢው ራሱ ቦታው የእኔ አይደለም ብሎ ያልፋል። የሳይንስ መድረክ ያዘጋጀ ሰው አዳራሹ ሞልቶ ሲያይ ደስ ይለዋል። ማን እንደቀረ ግን ከሞላ አዳራሽ ውስጥ ሆኖ ማየት አይቻልም።

ዴቪና የሠረገላው ሰልፍ

በ1801 ሃምፍሪ ዴቪ ከብሪስቶል መጣ። ዕድሜው 22 ነው። መልኩ ያማረ፣ አንደበቱ የቀና፣ በእጁ ደግሞ ፈጣን ሰው ነበር። ኤሌክትሪክና ኬሚስትሪን እያገናኘ ሙከራ ሲያሳይ የለንደን ሰው አበደለት። ሴቶች በብዛት ይመጡ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለሴት ዝግ በሆነበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሠረገላው ብዛት መንገዱን ስለዘጋው አልበማርል ጎዳና በለንደን የመጀመሪያው ባለአንድ አቅጣጫ መንገድ ሆነ ይባላል።

የዴቪ ገለጻ ለቤቱ ገንዘብ አመጣ። በገንዘቡ ቤተ ሙከራው ተደራጀ። በ1807 ዴቪ እዚያው ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ፖታሲየምንና ሶዲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አወጣ። ከላይ ገለጻ፣ ከታች ምርምር፤ አንዱ ሌላውን ይመግባል። ይህ አሠራር ቤቱን ለብዙ ዓመታት አቁሞታል።

ከአድማጮቹ አንዷ ጄን ማርሴት ነበረች። የዴቪን ገለጻ ስትሰማ ተመሰጠች፤ ግን ሁሉንም ወዲያው መከተል ከበዳት። ነገሩን ከጓደኛ ጋር ስትነጋገርበት ነው የገባት። ስለዚህ ኬሚስትሪን በአስተማሪና በሁለት ልጃገረዶች ንግግር መልክ አድርጋ መጽሐፍ ጻፈች። መጽሐፉ ከአልበማርል ጎዳና ብዙም ወደማይርቅ አንድ የመጽሐፍ ጥረዛ ሱቅ ደረሰ።

በዶርሴት ጎዳና ያለው ቤት

ሱቁ ብላንድፎርድ ጎዳና ላይ ነው። ባለቤቱ ጆርጅ ሪቦ ይባላል። ተለማማጁ ማይክል ፋራዴይ ነበር። በ1791 ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያመዋል። ቤቱ በጣም የተቸገረበት ጊዜ ነበር፤ ልጁ ለሳምንት የሚበቃው አንድ ዳቦ ይሰጠው ነበር። ትምህርቱ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከሒሳብ ብዙም አላለፈም። በ14 ዓመቱ ጥረዛ ለመማር ሪቦ ዘንድ ገባ።

የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነባል። በኤንሳይክሎፔዲያ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን አነበበ። የማርሴትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አነበበ። ያነበበውን ደግሞ በትንሽ ገንዘብ በሚገኝ ዕቃ ይሞክራል። ሪቦ አልከለከለውም። ይህ ሰው በታሪኩ ውስጥ የሚገባውን ያህል አይወሳም። ሠራተኛው በትርፍ ጊዜው ጠርሙስና ሽቦ ሲያገጣጥም አይቶ ዝም የሚል አሠሪ ብዙ አይደለም።

አንድ ቀን ፋራዴይ በፍሊት ጎዳና አካባቢ ሲያልፍ በሱቅ መስኮቶች ላይ ማስታወቂያ አየ። ጆን ቴተም የሚባል ሰው በዶርሴት ጎዳና፣ ቁጥር 53፣ በራሱ ቤት የሳይንስ ገለጻ ያቀርባል። ሰዓቱ ማታ ሁለት ሰዓት። መግቢያው አንድ ሽልንግ።

አንድ ሽልንግ ለተለማማጅ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ፋራዴይ ከሦስት ዓመት በኋላ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ሲቀጠር ደመወዙ በሳምንት 25 ሽልንግ ነበር። በ1810 ግን በእጁ ገንዘብ የለም። የከፈለለት ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው። ሮበርት እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ፋራዴይ ከፌብሩዋሪ 1810 እስከ ሴፕቴምበር 1811 አንድ ደርዘን ያህል ገለጻ ተከታተለ። ኤሌክትሪክ፣ ብርሃን፣ ሙቀት፣ መካኒክስ፣ ሁሉም ነበረበት።

ቴተም ዝነኛ ሰው አልነበረም። አዲስ ነገር ያገኘ ተመራማሪም አይደለም። ቤቱ ውስጥ መሣሪያ አለው፤ የሚያውቀውን በደንብ ያሳያል፤ በቃ። ዋናው ነገር ግን በዙሪያው የፈጠረው ስብስብ ነው። በ1808 የከተማው የፍልስፍና ማኅበር የሚል ስም ያለው ክበብ አቋቁሞ ነበር። ፍልስፍና ሲሉ ያኔ የተፈጥሮ ሳይንስንም ይጨምራል። አባላቱ ረቡዕ ማታ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ አባል ተራው ሲደርስ ቆሞ ገለጻ ያቀርባል። ጸሐፊዎች፣ ተለማማጆች፣ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ፋራዴይ የዕድሜ ልክ ወዳጆች ያገኘው እዚያ ነው፤ ቤንጃሚን አቦትና ኤድዋርድ ማግራዝ ከእነሱ ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በትልቁ አዳራሽ አድማጩ አድማጭ ነው። ያጨበጭባል፤ በሠረገላው ይሄዳል። በዶርሴት ጎዳና ግን ዛሬ የሰማ ሰው በሌላ ሳምንት ተናጋሪ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አሰማሙ ይለያል። ተራዬ ሲደርስ ምን እላለሁ እያለ ነው የሚሰማው። ያልገባውን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። በመንገድ ላይ ከጓደኛው ጋር እየተከራከረ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። አቦትና ፋራዴይ ሲነጋገሩ ሰዓቱ ስላልበቃቸው በደብዳቤ ጭምር ይጻጻፉ ነበር።

ፋራዴይ የሰማውን ሁሉ ይጽፋል። መጀመሪያ እዚያው ቁልፍ ቃላቱን ይይዛል። ቤት ገብቶ አስፋፍቶ ይጽፈዋል። መሣሪያዎቹንም ይስላቸዋል። ለመሳል ደግሞ ሪቦ ቤት ተከራይቶ ከሚኖር ማስኬሪየር ከሚባል ሠዓሊ ትምህርት ወሰደ። ሲጨርስ ጽሑፉን በአራት ጥራዝ ጠርዞ ለሪቦ መታሰቢያ አደረገው።

ቲኬቱ ከየት መጣ

ብዙ ተራኪዎች ፋራዴይ በ1812 የዴቪን ገለጻ የሚሰማበት ቲኬት "በዕድል" አገኘ ይላሉ። ዕድል ብቻ አልነበረም። ሪቦ በኋላ እንደተናገረው፣ እነዚያን ጥራዞች ለደንበኞቹ ያሳይ ነበር። ጥራዞቹም ዳንስ ወደሚባል ቤተሰብ ደረሱ። ዊልያም ዳንስ ሙዚቀኛና የሮያል ኢንስቲትዩሽን አባል ነው። የወጣቱን ሥራ አይቶ ተደነቀ። የዴቪን የመጨረሻ አራት ገለጻዎች እንዲሰማ ቲኬት የሰጠው እሱ ነው።

ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው። የአንድ ሽልንጉ ምሽት ባይኖር ጥራዙ የለም። ጥራዙ ባይኖር ቲኬቱ የለም። ቲኬቱን እንኳ በሌላ መንገድ አግኝቶ ቢሆን፣ ፋራዴይ ያየውን ይዞ የመውጣት ችሎታ አይኖረውም ነበር። መስማት፣ መጻፍ፣ መሣል፣ መጠየቅ፤ ይህን ሁሉ የተለማመደው ዶርሴት ጎዳና ነው።

ፋራዴይ ሰገነቱ ላይ፣ ከሰዓቱ በላይ ተቀመጠ። አራቱንም ገለጻ ጻፈ። ወደ 300 ገጽ የሚጠጋ ጥራዝ ሆነ። ሥራ ፈልጎ በመጀመሪያ ለጆሴፍ ባንክስ ደብዳቤ ጻፈ። መልስ የለም ተባለ። በ1812 መጨረሻ ጥራዙን ለራሱ ለዴቪ ላከው። ዴቪ በአክብሮት መለሰለት፤ አገኘውም። ግን ክፍት ቦታ አልነበረም፤ በጥረዛ ሥራህ ብትቆይ ይሻልሃል ብሎ መከረው። ከዚያ ነገሮች ተገጣጠሙ። በፌብሩዋሪ 1813 የቤተ ሙከራው ረዳት ከመሣሪያ ሠሪው ጋር ተደባድቦ ተባረረ። ማርች 1 ቀን ፋራዴይ ተቀጠረ። 25 ሽልንግ በሳምንት፣ ከላይኛው ፎቅ ሁለት ክፍል፣ ከሰልና ሻማ ተሰጠው።

አድማጩ አዘጋጅ ሲሆን

በዚያው ዓመት በጁን ወር ፋራዴይ ለአቦት ረጅም ደብዳቤዎች ጻፈ። ርዕሱ ጥሩ ገለጻ ምን ይመስላል የሚል ነው። 21 ዓመቱ ነው፤ ገና ረዳት ነው፤ ግን ብዙ ተናጋሪ አይቷል። ያስተዋለው ነገር ዛሬም ለማንም አዘጋጅ ይሠራል። ከአዳራሹ ይጀምራል፤ አየር ይግባበት፣ መግቢያና መውጫው ይመች ይላል። የታፈነ ክፍል ውስጥ የሚሰማ ሰው የለም። ተናጋሪው ፊቱን ወደ ሰው ያዙር። አድማጩን ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው እንዲያዝ ያድርገው። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማንም አይሰማም።

ይህን የጻፈ ሰው ራሱ ሲናገር ወዲያው ጎበዝ አልነበረም። በ1816 የመጀመሪያ ገለጻዎቹን ያቀረበው እዚያው የቴተም ማኅበር ውስጥ ነው። የሚያዳምጡት ጓደኞቹ ነበሩ። ማግራዝ ስህተቱን እየመዘገበ ይነግረዋል። በ1818 ለአንደበት አስተማሪ ከደመወዙ ከፍሎ ተማረ። በኋላ ዝነኛ ከሆነም በኋላ ሲናገር ከፊቱ "ቀስ በል" የሚል ካርድ ይቀመጥለት ነበር። ሰዓት ሲያልፍበት የሚያስታውሰው ሌላ ካርድም ነበረ። ይህ ትጋት ልቤን ይነካዋል። ሰው ፊት መቆም ተሰጥኦ ነው የሚሉ ሰዎች የፋራዴይን ዓመታት አላዩም።

በ1825 የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሆነ። ቤቱ ያኔ የገንዘብ ችግር ነበረበት። ዴቪ ከሄደ በኋላ የነበረው ሰው ቀንሷል። ፋራዴይ አባላቱን ማታ ማታ ወደ ቤተ ሙከራው ይጋብዝ ጀመር። ከዚያ የዓርብ ምሽት ገለጻ የሚባለው ተወለደ። እሱ ራሱ በሕይወቱ ከ100 በላይ የዓርብ ገለጻ አቅርቧል። ሥርዓቱ እስካሁን ይታወቃል፤ ተናጋሪው ያለ ማስተዋወቅና ያለ ሰላምታ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። በ1846 ቻርልስ ዊትስቶን የሚባል የሳይንስ ሰው ሊናገር ሲል ደንግጦ ሸሸ ይባላል፤ በምትኩ ፋራዴይ ሳይዘጋጅ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ተናጋሪው ከመግባቱ በፊት ክፍል ውስጥ ይቆለፍበታል እየተባለ ይወራል።

በዚያው በ1825 ለወጣቶች የሚሆነው የገና ሰሞን ገለጻ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ያቀረበው ጆን ሚሊንግተን ነው። ፋራዴይ ከ1827 እስከ 1860 ባለው ጊዜ 19 ጊዜ አቅርቦታል። በጣም የታወቀው ስለ ሻማ የተናገረው ነው። በ1848 አቀረበው፤ በ1860 ደግሞ በስድስት ክፍል ደገመው። ኬሚስቱ ዊልያም ክሩክስ አሳትሞት በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል።

የሻማው ገለጻ ለምን እንደሠራ ማየት ጥሩ ነው። ልጆቹ ሁሉ ቤታቸው ሻማ አለ። ፋራዴይ ወደ ሳይንስ ለመግባት ከሻማ የተሻለ የተከፈተ በር የለም ብሎ ጀመረ። ከዚያ የመስታወት ቱቦ አንዱን ጫፍ ነበልባሉ መሃል ወዳለው ጨለም ያለ ቦታ አስገባ። በቱቦው የመጣውን ጭስ መሰል ነገር በሌላኛው ጫፍ ለኮሰው፤ ነደደ። የሚነደው የሰም ትነት መሆኑን ልጆቹ በዓይናቸው አዩ። ሻማውን እፍ ብሎ አጠፋና ወደ ላይ የሚወጣውን ትነት በክብሪት ነካው፤ እሳቱ በአየር ላይ ተንሸራቶ ክሩ ላይ ተመለሰ። ቀዝቃዛ ነገር ከነበልባሉ በላይ ሲይዝ ውሃ አዘለ። ከሻማው የወጣው አየር የኖራ ውሃን ወተት አስመሰለው። ከዚያ በኖራ ውሃው ውስጥ ተነፈሰበት፤ ያው ሆነ። ሻማውም ሰውም የሚያወጡት አንድ ዓይነት አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ገለጻው ከሻማው ተነስቶ ልጁ ራሱ ሳንባ ውስጥ ገባ።

ይህን ሁሉ አንድ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ግማሹን ሊደግመው ይችላል። ፋራዴይ የሚመርጠው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ለአንድ ወጣት ተናጋሪ ሲመክር፣ ድንጋይ ከእጄ ብለቀው ይወድቃል የምል ከሆነ እጄን ከፍቼ እለቀዋለሁ፤ ሰው ያውቀዋል ብለህ ምንም ነገር አትዝለል ብሎታል። ይህ ጥረዛ ሱቅ ውስጥ ብቻውን የተማረ ሰው ጠባይ ነው። ያልገባው ሰው ምን እንደሚሰማው ያውቃል።

አሁንም ማን ቀረ

ፋራዴይ ሁሉን አቃና ማለት አልችልም። በ1855 ገና ሰሞን አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል የንግሥት ቪክቶሪያ ባልና ልጆቻቸው ነበሩ፤ ሠዓሊ ሥሎታል። የዓርብ ምሽቱ ለአባላትና ለእንግዶቻቸው ነበር። ሌላ ፋራዴይ በጥረዛ ሱቅ ውስጥ ቢኖር አሁንም የሆነ ሰው ቲኬት እስኪሰጠው መጠበቅ ነበረበት።

የፈረሰውን ደረጃ ሥራ ሌሎች አነሱት። ጆርጅ በርክቤክ የሚባል ሐኪም ቀደም ብሎ ግላስጎ ውስጥ ለእጅ ባለሙያዎች ሳይንስ ያስተምር ነበር። በ1823 መጨረሻ ስትራንድ በሚባለው ጎዳና፣ ክራውን ኤንድ አንከር በሚባል መጠጥ ቤት ብዙ ሰው ተሰብስቦ የለንደን የእጅ ባለሙያዎች ተቋም ተመሠረተ። ትምህርቱ ማታ፣ ከሥራ በኋላ ነው። በ1830 ሴቶችንም ተቀበለ። ያ ተቋም ዛሬ የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው በርክቤክ ነው፤ አሁንም በዋናነት የሚታወቀው በማታ ትምህርት ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ኖሩ። ለንደንን ለንደን ያደረጋት አንዱ ብቻ አይመስለኝም።

አዳራሽ ውድ ነው

የሮያል ኢንስቲትዩሽን የኋላ ዘመን ብዙ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። የገና ገለጻው ከ1939 እስከ 1942 በጦርነቱ ከመቋረጡ በቀር እየቀጠለ ነው። በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ታየ፤ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ። ስሙ እንዲህ የገነነ ቤት በ2008 ወደ 22 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ ታደሰ። ዕዳው ግን አጎበጠው። በ2013 መጀመሪያ ታሪካዊው ሕንፃ ሊሸጥ ነው የሚል ዜና ወጣ። ስሙን ያልገለጸ ለጋሽ በሰጠው 4.4 ሚሊዮን ፓውንድ የባንክ ብድሩ ተከፍሎ ሕንፃው ተረፈ። አዳራሹ 400 ያህል ሰው ነው የሚይዘው። የቴተም ክበብ ሕንፃ አልነበረውም፤ የሰው ቤት ነበር።

ሁለተኛው የተሻለ ዜና ነው። ሎውረንስ ብራግ ቤቱን ሲመራ በ1954 ለትምህርት ቤት ልጆች የተለየ ገለጻ ጀመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሙከራውን በዓይናቸው ለማየት መጡ። በ1978 ደግሞ ክሪስቶፈር ዚማን የገናውን ገለጻ በሒሳብ ላይ አቀረበ። ከዚያ በፊት ሒሳብ ለዚህ መድረክ ቀርቦ አያውቅም። ልጆቹ ወደዱት። ግን ሒሳብ ቁጭ ብሎ በመስማት ብቻ አይያዝም፤ እርሳስ ይዞ መሞከር ይፈልጋል። ስለዚህ በ1981 የቅዳሜ የሒሳብ ክፍሎች ተጀመሩ። መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ነበሩ፤ በኋላ በመላው ብሪታኒያ ተሰራጩ። የሚካሄዱት በየአካባቢው ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ነው። ብዙዎቹን የሚመሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ልጆቹ በትንሽ ቡድን ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ላይ ረጅም ሰዓት ይሠራሉ፤ ያገኙትንም ለጓደኞቻቸው ያስረዳሉ።